ከዘፈኑ በኋላ የሚመጣው ድምፅ

«የባሏ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን ትሰማለች» አለች ወርቂቱ። በሹክሹክታ መናገሯ ነበር፤ ግን የወርቂቱ ሹክሹክታ ሌላው ሰው ጎረቤት ሲጠራ ከሚያሰማው ድምፅ አያንስም፤ ከአንሶላው መጋረጃ ማዶ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ኢቲዳል አንዲት ቃል አላመለጣትም። ወርቂቱ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ከባምባሲ መጥታ አሶሳ ላይ ያረጀች፣ ልቧ ደግ፣ አፏ ግን መዝጊያ ያልተሠራለት። ጠዋት ጠዋት እሳት ልጫር ብላ ትመጣና እሳት ለኩሳ ትሄዳለች። ትናንት አመሻሽ ላይ ከቀርከሃው አጥር ያሰጣችውን ልብስ ስትሰበስብ ከኢቲዳል መስኮት «ትስ ትስ» የሚል ነገር ሰማች፤ ጠጋ ብላ ብታዳምጥ በኤርፎን የሚሰማ የሱዳን ዘፈን ነው። ያውም ኢዳ ላይ ያለች ሴት! ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ሳትኳል፣ ሽቶ ሳትነካ፣ ከደጅ ሳትወጣ ትቀመጣለች እንጂ እንዲህ ያለ ጉድ የት አገር ታይቶ ያውቃል? «እኔ ምን አገባኝ፤ ሰው እንዳይሰማባችሁ ብዬ ነው» ብላ ጨረሰች፣ ከሷ በቀር ማንም አለመስማቱን እያወቀች። የሟቹ የሀይደር እናት፣ እማ ውድነሽ፣ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላዋው ቆመ፤ ቆይቶ ደግሞ ቀጠለ።

ቢሰድቧት ለኢቲዳል ይቀላት ነበር። አማቷ ግን መሳደብ አያውቁም፤ የሚያውቁት ዝም ማለት ነው፤ ዝምታቸውም በሰባ ሰባት ከወሎ ይዘውት በመጡት ሣጥን ላይ፣ በጀሪካኖቹ መሃል፣ ከቆርቆሮው ሥር ሁሉ ሞልቶ ይቀመጣል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው ይባላል፤ ሁለት ያደረገው አንሶላው ነው። ሀይደር በሕይወት ሳለ ግን ከሰፈሩ ሁሉ የሚጮኸው ቤት ይህ ነበር። ከጉባ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ስፒከሩን ይከፍታል፤ እናቱ «አቦ ቀንሰው፣ ጆሮዬን በላኸው» ይሉታል፤ እሱ ይጨምረዋል፤ እሳቸውም ዱቄት እየነፉ ትከሻቸው ሳያስቡት ይነቃነቃል። የሞቱ ወሬ የመጣ ቀን፣ ለቅሶው በወጉ ሳይጀመር፣ እማ ውድነሽ ስፒከሩን ከጠረጴዛው አንስተው በነጠላ ጠቀለሉትና ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ እዛው ነው፤ ከበር ሆኖ ላየው የተከፈነ ሕፃን ይመስላል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው የመስጊዱ አዛንና የወርቂቱ ወሬ ነው።

የትስ ትሱ ነገር እውነት ነው፤ ወርቂቱ አልዋሸችም። ኢቲዳል አማቷ ሲሰግዱ ወይም ገበያ ሲወጡ ጠብቃ፣ አንድ ጆሮው ብቻ የሚሠራውን ኤርፎን ባለ ቁልፍ ስልኳ ላይ ሰክታ ታዳምጣለች። ዘፈኑን ግን የምትታገሠው ከሱ በኋላ ለሚመጣው ስትል ነው። ሀይደር ጉባ ላይ፣ ግድቡ ጋ፣ የኮንክሪት መኪና ይነዳ ነበር፤ እዚያ ካምፕ ውስጥ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ሳምንት ይጠፋል። መልእክት እንዳይጽፍላት ደግሞ ኢቲዳል የሆሞሻ ልጅ ናት፤ በበርታ ቋንቋ ያደገች፣ የአማርኛውን ፊደል ብትቆጥርም ንባቡ ጋ ስትደርስ የሚጎትታት። ስለዚህ መላ ዘየደ። ድምፁን በስልኩ ይቀዳና ሚሞሪ ካርድ ላይ አንድ ዘፈን ይጭናል፣ ከሥሩ አንድ ወሬ፣ ደግሞ ዘፈን፣ ደግሞ ወሬ። ከዚያ ጥፍር የምታህለውን ካርድ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ አሶሳ ለሚመጣ ሹፌር ይሰጣል። እሷም በበኩሏ የራሷን ድምፅ በሌላ ካርድ ትልክለታለች። ሁለት ካርዶች ነበሯቸው፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል። የሷ ድምፅ ያለበት ሀይደር ሲሞት ከስልኩ ጋር የት እንደገባ አልታወቀም። የሱ ድምፅ ያለበት እሷ ጋ ቀረ።

ካርዷ ላይ ሀይደር ስለ ሙቀቱ ያማርራል፣ በካምፑ ሽሮ ይሳለቃል፣ የሚስቱን ቋንቋ ለማውራት እየተንተባተበ በራሱ ይስቃል። በመጨረሻው ላይ ግን አይስቅም። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ እየሳለ፣ ወባ እንደያዘው ይነግራታል። «ለእማ እንዳትነግሪያት፤ ደንግጣ በዚህ መንገድ ተነስታ ትመጣለች። መርፌ ወግተውኛል፣ ሐሙስ እነሳለሁ» ይላል። ኢቲዳልም አልነገረችም፤ ባሏ አደራ ብሏት ቃሉን ጠበቀች። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። ሐሙስ የተነሳው ጀናዛው ነው።

እማ ውድነሽ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር የሚደጋግሙት አንድ ነገር አላቸው። ፎቶው አለኝ፣ ልብሱ አለኝ፣ ድምፁን ግን ማን አስቀመጠልኝ፤ እየረሳሁት ነው፤ ሲጠራኝ እንዴት አድርጎ ነበር የሚጠራኝ ይላሉ። ይህን ባሉ ቁጥር የኢቲዳል እጅ ወደ ደረቷ፣ ስልኳ ወዳለበት ይሄዳል። ልትሰጣቸው ትነሳለች። ከዚያ የመጨረሻው ድምፅ ትዝ ይላታል፤ «ልጄ መታመሙን አውቀሽ ዝም አልሽኝ?» ብለው ሲያዩዋት ይታያታል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። የመጨረሻዋን ብቻ አጥፍቶ ሌላውን ማሰማት ይቻል ነበር፤ አስባበታለች። ግን የሰውን የመጨረሻ ድምፅ እንዴት በጣት ተጭነው ያጠፉታል? እውነቱ ከተነሳ ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። እናትየው ልጅነቱን ይዘዋል፣ መውለዱን ይዘዋል፣ አገር የሚያለቅስላቸው ለሳቸው ነው፤ ይህችን ጥፍር የምታህል ነገር እሷ ብቻዋን ልትይዛት ፈለገች። ንፍገት ነው፤ ንፍገት መሆኑን እሷም ታውቀዋለች። ኢዳዬ ሲያልቅ እሰጣቸዋለሁ፣ የሙት ሰደቃው ሲያልፍ እሰጣቸዋለሁ እያለች ዛሬን በነገ ስትገፋ ከረመች።

ረፋዱ ላይ ወርቂቱ ከሄደች በኋላ ኢቲዳል ገላዋን ልትታጠብ ጓሮ ወጣች። ስልኳን ትራስ ሥር አድርጋ ነበር። ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ የእማ ውድነሽ ዘንቢል ከሚስማሩ ላይ የለም፤ ገበያ ወጥተዋል አለች በሆዷ፣ ሰደቃው እየደረሰ ስለሆነ ሽንኩርቱም ዘይቱም ገና አልተሟላም፤ ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ ገባ ብለው ትናንት ሲያማርሩ ነበር። ትራሱን ስታነሳ ስልኩ በሆዱ ተደፍቷል። የኋላ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም። ከፈተችው፤ የካርዱ ቤት ባዶ ነው። መጀመሪያ ወድቆ ይሆናል ብላ ትራሱን አራገፈች፣ ፍራሹን ገለበጠች፣ ከአልጋው ሥር በእጇ አፈሩን ዳበሰች። ሀይደር ካርድ ሲያወጣና ሲያስገባ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ስንት ጊዜ አይተዋል፤ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃሉ። ይህን ስታስብ መፈለጉን ተወች።

አማቷ ጋ ደወለች። የእማ ውድነሽ ስልክ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከዱቄቱ ዕቃ አጠገብ ጮኸ። ወደ አጥሩ ሄዳ ወርቂቱን ጠራች። ወርቂቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና፣ ደስ ያላት ላለመምሰል እየሞከረች፣ ውድነሽ ሲያልፉ ያዋዩአትን ሁሉ ነገረቻት። ውድነሽ ካርዱን ይዘው ቴዎ ሙዚቃ ቤት ሄደዋል፤ ያለበትን ዘፈን ሙልጭ አድርገው አስጠፍተው መንዙማ ሊያስሞሉበት ነው፤ ለሰደቃው እንግዳ የሚሰማው፣ ለመርሁሙ ለሀይደርም ዱዓ የሚሆን። ደግ አደረጉ፤ ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። ኢቲዳል ሩጪና መልሻቸው ብላ ለመነቻት። ወርቂቱ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ዘፈን አትርፉልኝ ብዬ በአደባባይ ልሩጥ እንዴ አለቻት። የኢቲዳል አፍ ተከፈተ። ዘፈን አይደለም፣ ሀይደር ነው ልትላት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ለወርቂቱ የተነገረ ነገር ደግሞ አፋፍም ላይ አይቆምም፤ ሳይታጠፍ ሰፈሩን ያዳርሰዋል፤ ቀጥሎም ምን ብሎ ነበር፣ መቼ ነበር፣ ለምን ደበቅሽ ይመጣል። አፏን መልሳ ዘጋች። እስከ ዛሬም የሚከነክናት ያቺ ቅጽበት ናት፤ ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ።

እንደቆመች የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ቀጥ አለ። መብራት ሄደ። አሶሳ ላይ መብራት ሲሄድ ሰው ይራገማል፤ ግድቡ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እየተባለ ይሾፋል፤ ኢቲዳል ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት በመጥፋቱ አላህን አመሰገነች። መብራት ከሌለ ኮምፒውተር የለም፣ ኮምፒውተር ከሌለ ቴዎ አይሠራም፤ አማቷ ደግሞ ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ካርዱን ይዘው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ትነግራቸዋለች። ዛሬ ትነግራቸዋለች፣ ወላሂ። ከደጅም አልወጣች፣ ኢዳዋንም አላፈረሰች፣ ሁሉም በቤት ያልቃል። ገብታ ምስር ለቀመች፣ ጣደች፣ እንዴት ብላ እንደምትጀምር በአማርኛ በሆዷ እየደረደረች። እማ፣ እኔ አጥፍቻለሁ ብላ ትጀምራለች። ወይስ መጀመሪያ ድምፁን ታሰማቸው? መጀመሪያ ድምፁን፤ ሲያለቅሱ እግራቸው ላይ ትወድቃለች። ምስሩ ሲንተከተክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ቀን በኋላ ትንሽ ቀለላት። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ የፀጉር ቤቱ ዘፈን ተሰማት። መብራት በሌለበት ዘፈን ከየት ይመጣል? ጆሮዋን ስትሰጥ ከዘፈኑ ሥር የጄኔሬተር ጉርምርምታ አለ። ያን ጊዜ ሀይደር ስለ ቴዎ ያለው ትዝ አላት፤ ያ ሰውዬ ላፕቶፕ አለው፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ደንታ የለው ብሎ ነበር። ምስሩን ከእሳቱ አወረደችው።

ጥቁር ሻሿን ዓይኗ ድረስ ስባ ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ አጥር ወጣች። ወርቂቱ በአጥሩ ክፍተት እያየቻት ነው፤ ታይ። ከማንጎዎቹ ሥር መንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ባጃጅ ሰው ይጠብቃል፤ ወጣቱ ሹፌር መሪው ላይ ጣቱን እየደበደበ፣ የኋላ ወንበሩ ሥር የተቀበረው ስፒከር መሬቱን እያርገበገበ። ኢቲዳል ገብታ ስትቀመጥ በመስታወቱ ጥቁሯን አየ፤ እጁን ላክ አድርጎ ሙዚቃውን አጠፋው። «አላህ ያጥናሽ እህቴ» አለ። ወግ ነው፤ ሐዘንተኛ ሲገባ ዘፈን ይጠፋል፣ ማንም አላስተማረውም ማንም ያውቀዋል። ባጃጁ በየጉድጓዱ እየዘለለ ሲሄድ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሱዳንኛ የሚያዘፍነው ሰውዬ አያትና ቁልፉን ወደ ታች አዞረ። አስፋልቱ ጋ ከሸርቆሌ የመጣ ሚኒባስ መንገድ ዘግቶ ሰው ያወርዳል፤ በሩ ሲከፈት ዘፈኑ ከሰዉ ቀድሞ ፈሰሰ፤ ረዳቱ ኢቲዳልን ሲያይ ወደ ሹፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ያም ቀነሰው። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የሚመስሉ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ኤርፎን ተካፍለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያልፉ አንደኛዋ አየቻትና ከጆሮዋ ነቀለችው። በሄደችበት ሁሉ ዘፈን ይሞታል። ሰው ደግ ሆኖላት ነው፤ ሊያከብራት ብሎ ነው። እሷን ግን ከተማው ሁሉ በአንድ ላይ ተነጋግሮ የሚያጠፋባት መሰላት። «ተወው» አለችው ሹፌሩን፣ «ዘፈን ክፈት። አታጥፋ።» ልጁ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አያት፤ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቷል ብሎ ይሆናል፣ ፍጥነት ጨመረ።

የቴዎ ሱቅ ከአንድ ሰው ትከሻ ብዙም አይሰፋም፤ ግድግዳው ላይ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ የተፈታታ ሞባይል፤ በሩ ላይ ሚሞሪና ፍላሽ እንሞላለን የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ዋጋ። ቴዎ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ወር ብሎ መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ ሀይደር ደንበኛው ነበር። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ ብሎን ይፈታል። ማንነቷን ሲያውቅ ከወንበሩ ተነሳ፣ ዘፈኑንም እንደ ሌላው ሁሉ አጠፋ።

«የእማ ውድነሽ ካርድ» አለች ኢቲዳል። «አለ?»

ወስደውታል አላት። ሞልቶ ሰጥቷቸዋል፣ መንዙማ ብቻ፣ ጥርት ያለውን፤ መብራቱ ሲሄድ በባትሪ ነው የጨረሰው፣ ቁጭ ብለው ትንሽ ሰምተው በመስጊዱ በኩል ሄዱ። የድሮውስ ብላ ጠየቀችው። አንድም እንዳይቀር ሁሉንም አጥፋ ብለውታል፤ ፎርማት አድርጎታል። መልሰው አለችው። ባዶ ካርድ ቢሆን አንዳንዴ ይመለሳል፣ ላዩ ላይ ሌላ ከተጫነበት ግን አይመለስም፤ ይሄ ደግሞ እስከ አፉ ነው የሞላው ብሎ እንደ ሕፃን እያባበለ አስረዳት። ኢቲዳል ቆማ ቀረች። ሴትዮዋ ምን ሆነች ብሎ ሲያያት ቆየና ፊቱ በራ፤ ሙዚቃ ቤት ሲባል፣ ሰው ካርድ ይዞ ሲመጣ እሱ ጋ የሌለ ዘፈን ካለበት ቀድሞ ወደራሱ ይገለብጣል፤ ሁሉም ሙዚቃ ቤት እንዲህ ነው የሚከብረው። የሀይደርን ደግሞ ገልብጦታል፤ ሀይደር ጆሮ ነበረው፣ የትም የማይገኝ ነገር ነው የሚሰበስበው። ላፕቶፑን አዞረላት። አልጠፋም እህቴ፣ ይኸውልሽ አላት።

የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። ኢቲዳል የበሩን እንጨት ያዘች። ያው ነው፤ መሰንቆው፣ ጭብጨባው፣ መሃል ላይ ድምፁ የሚሰነጠቅበት ቦታ ሳይቀር። ዕንባዋ መጣ። እዚያው ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚመጣውን እስትንፋስ፣ ጉሮሮ መጥረጉን፣ «ያ ኢቲዳል፣ እንዴት ዋልሽ» የሚለውን እየጠበቀች። ዘፈኑ አለቀ። ጸጥ አለ። ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ።

«ወሬውስ?» አለች።

«የቱ ወሬ?»

«ሰው ያወራል። ከዘፈን በኋላ።»

ቴዎ ጸጉሩን አከከ። እሱማ አላት፣ ቮይስ ነገር በመሃል በመሃል ነበር፤ ማን ይገዛዋል ብሎ ተወው፤ ዘፈን ዘፈኑን ብቻ ነው የወሰደው። ይህን ብሎ ሲጨርስ ነው የገባው። እጁ ላፕቶፑ ላይ ቀረ። የሱ ነበር እንዴ ብሎ ጠየቃት፤ የበሩን እንጨት ለቀቀች። ዘፈኖቹን በሌላ ካርድ በነፃ እጭንልሻለሁ፣ ካርዱንም እኔ እሰጥሻለሁ አለ፤ ራሷን ነቀነቀች። ወደ መንገዱ ስትዞር፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ቀለል አላት። እንግዲህ ማንም አያውቅም፤ ልጄ መታመሙን አውቀሽ ነበር የሚላት የለም፤ ያ ሳልም፣ ያ አደራም አብሮ ጠፍቷል። ይህ ሐሳብ ሲያልፍባት አየችው፤ አይታውም ራሷን ተጸየፈች፤ የባጃጅ ጥሪ እየሰማች በእግሯ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ከበሩ ጀምሮ መንዙማው ይሰማል። ስፒከሩ ከነጠላው ወጥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ድሮ ቦታው ተቀምጧል፤ ቻርጅ ነበረው፤ መብራት ባይኖርም ይሠራል። እማ ውድነሽ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወርቂቱ በርጩማው ላይ። ወርቂቱ ኢቲዳልን ስታይ ለመናገር አፏን አሰናዳች፤ እማ ውድነሽ ቀድመው፣ ወርቂቱ እሳትሽ እንዳይጠፋብሽ አሏት፤ ከዚህ በላይ ሂጂ ማለት በወሎ የለም። ወርቂቱ ተነስታ ሄደች። ኢቲዳል የት ነበርሽ እስክትባል ጠበቀች። አልተባለችም። ተቀመጪ አሏት፤ ተቀመጠች። ዘንቢሉ በሩ ጋ ነው፤ ሽንኩርቱ ገብቷል፣ ዘይቱ አልገባም። የምስሩ ድስት ከእሳቱ ወርዶ ቀዝቅዟል። መንዙማው ሰፊ ድምፅ ያላቸው ሰዎች የሚቀባበሉት ነው፤ እማ ውድነሽ በልጅነታቸው የሚያውቁትን ሲሰሙ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይኸው፣ ለልጅዬ ሰደቃ የሚሆን ብለው አሰቡ እሳቸው፤ ኢቲዳል ደግሞ መንዙማው ሲያልቅ ከሥሩ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል ሳታስበው ትጠብቃለች።

«ተቆጥቼሽ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ነሽ። ሐዘን ሲከብድ ዘፈን ያስረሳል፤ አውቃለሁ። ግን ሰው አፍ አለው ብዬ ነው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ፤ ሊሉት የፈለጉት ይህን አልነበረም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የሱቁ ልጅ ካርዱን ሲያጠፋ፣ ይሄስ ይጥፋ ወይ ብሎ አንዱን ከፈተው። የሰው ሳል ተሰማ። ከዚያ ለእማ አለ። ለእማ ብቻ፣ ሌላ አልሰማሁም። የሀይደር ድምፅ መሰለኝ።»

እማ ውድነሽ ዓይናቸውን ከስፒከሩ ሳይነቅሉ ቀጠሉ። ከሞተ ወዲህ ውሃ ስቀዳ እሰማዋለሁ፣ ወፍጮ ቤት እሰማዋለሁ፣ ዞሬ ሳይ ማንም የለም፤ ዛሬ ደግሞ ከሱቅ ሲጠራኝ ጊዜ አበድኩ ብዬ ደነገጥኩ፣ በሰው ልጅ ፊት አፈርኩ አሉ። ከዚያ ወደ ኢቲዳል ዞሩ። የሐዘንተኛ አሮጊት ዓይን ነው፤ ዙሪያው የቀላ፣ አንድ መልስ ብቻ የሚለምን፤ የቱን መልስ እንደሚለምን ግን ኢቲዳል አላወቀችም።

«ጆሮዬ ነው አይደል?» አሏት።

ምስሩን ስትለቅም በሆዷ የደረደረችው አማርኛ ሁሉ አፏ ውስጥ ነበር። እማ፣ እኔ አጥፍቻለሁ የሚለው አለ። ድምፁ ነው የሚለውም አለ። ግን አሁን ብትናገረው እኚህ ሴት ምን ይዘው ይቀራሉ? በልጃቸው ድምፅ ላይ፣ እማ ብሎ እየጠራቸው፣ በገዛ አፋቸው የፈረዱትን ፍርድ ይዘው ነው የሚቀሩት፤ ዕድሜ ልካቸውን። እሷስ ወጣት ናት፣ ትሸከመዋለች። ትሸከመው ይሆናል።

«ጆሮ ነው እማ» አለች። «ሰው ሲሞት ጆሮ ይዋሻል።»

እማ ውድነሽ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ትከሻቸውም ወረደ።

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው አጥፋው ያልኩት» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ አብሽሪ ልጄ፣ ይሄን ድምፁን ትንሽ ጨምሪው እስቲ አሏት።

ኢቲዳል ተነስታ ጨመረችው።